አምስት ሳድስ

«ትምህርት» የሚለው ቃል አምስት ፊደል ነው፤ አምስቱም ሳድስ፣ የፊደል ገበታው ስድስተኛ ቤት። ከ«ሀ» እስከ «ፐ» በአንድ ትንፋሽ የሚወጣ የአንደኛ ክፍል ልጅ ይህን ቃል ሰሌዳ ላይ ሲያገኘው ለእያንዳንዱ ሙሉ ድምፅ እየሰጠ «ት… ም… ህ… ር… ት…» ይልና ይቆማል። ፊደሎቹን ያውቃቸዋል። ቃሉንም ከእናቱ አፍ ስንት ጊዜ ሰምቶታል። ሁለቱ አንድ መሆናቸውን ግን ማንም አላሳየውም።

ጡረተኛ መምህራን ደሴ ላይ በተሰበሰቡበት ሁሉ ወሬው የ12ኛ ክፍል ውጤት ነው። በ2014ቱ ፈተና ግማሽና ከዚያ በላይ ያመጣው 3.3 በመቶ፣ በ2015ቱ 3.2፣ በ2016ቱ 5.4፣ በ2017ቱ 8.4። አንዱ ኩረጃው ስለተዘጋ ነው ይላል፤ ሌላው በቴሌቪዥን የሚሰጠው ትምህርት፣ ፕላዝማው ነው ያበላሸን ይላል፤ ሦስተኛው ፖሊሲውን ያነሳል። ሁሉም ጥቂት ጥቂት እውነት ይዟል። ነገር ግን በ2014 የተፈተነው ልጅ ክፍል ሳይደግም ከመጣ አንደኛ ክፍል የገባው በ2003 ነው፤ ወሬው እዚያ ድረስ ሲወርድ ሰምቼ አላውቅም።

ወሎ ውስጥ ማንበብ ድሮም በሁለት ቤት ይማሩታል። በቄስ ትምህርት ቤት ልጁ መጀመሪያ «ሀ ግዕዝ፣ ሁ ካዕብ፣ ሂ ሳልስ» እያለ ይቆጥራል። ይህ ዜማ ነው፤ ዓይኑን ጨፍኖም ይወጣዋል። አቡጊዳ የሚመጣው ለዚህ ነው፦ «አ ቡ ጊ ዳ ሄ ው ዞ»፣ ቀጥሎ «በ ጉ ዲ ሃ ዌ ዝ ሖ»። ፊደሉም ቤቱም በየእርምጃው ስለሚቀያየር የቃል ጥናቱ ይፈርሳል፤ ልጁ መልኩን አይቶ ካልለየ በስተቀር አይወጣውም። ከዚያ ፊደለ ሐዋርያ፣ የሐዋርያውን መልእክት ፊደል በፊደል መለየት፣ ከዚያ ንባቡ፣ በመጨረሻ ዳዊት። በቁርአን ቤት ደግሞ ልጁ የዕለቱን ትምህርት ሉሕ በሚባል የእንጨት ሰሌዳ ላይ በጥላሸት ቀለም ይጽፋል፤ ለሸኹ ያነብና ከታለፈለት ሉሑን አጥቦ ሌላ ይጽፍበታል። ሁለቱም ቤት ዱላ ነበረባቸው፤ ትርጉሙ ያልገባውን ነገር ለዓመታት የሚያነበንብም ብዙ ነበር። አንድ ነገር ግን ሁለቱም አልሳቱም፤ እያንዳንዱ ልጅ ብቻውን ሳይሰማ ወደሚቀጥለው አያልፍም።

የ1986ቱ የትምህርትና ሥልጠና ፖሊሲ ከ1ኛ እስከ 4ኛ ክፍል አንድ መምህር ሁሉንም ትምህርት እንዲያስተምር አደረገ፤ ሰልፍ ኮንቴይንድ የምንለው ነው። ከ1ኛ እስከ 3ኛ ደግሞ ማንም አይወድቅም ተባለ። ሐሳቡ ክፉ አልነበረም፤ በሰባት ዓመቱ የወደቀ ልጅ ወደ እረኝነቱ ይመለሳል እንጂ ክፍል አይደግምም። አለመውደቁ ግን ከተከታታይ ምዘናና ወደኋላ ለቀረው ከሚሰጥ እገዛ ጋር የታሰረ ነበር። በ60 ልጅ ክፍል ውስጥ ሒሳቡ ይኸው፦ ክፍለ ጊዜው 40 ደቂቃ ነው፤ ስም ጥሪና ጸጥ ማሰኘት 10 ደቂቃ ይበላል፤ የሚቀረው 30 ደቂቃ ለ60 ሲካፈል ለአንድ ልጅ ግማሽ ደቂቃ። ስለዚህ ክፍሉ ባንድነት ይጮኻል፣ መምህሩ ጩኸቱን ሰምቶ «ችለዋል» ይላል፣ ሃያው ልጅ አፉን ብቻ ያንቀሳቅሳል። ምዘናው በወረቀት ላይ ይሞላል። መዛወሩ ይቀጥላል።

ገበታው ራሱም ወጥመድ አለው። ለ፣ መ፣ ሰ፣ በ ግዕዛቸው አንድ ዓይነት ድምፅ ይሰጣል፤ የመጀመሪያው ፊደል «ሀ» ግን በአማርኛ ከራብዑ ከ«ሃ» አይለይም። ልጁ ደንቡን የሚያፈርሰውን ፊደል ከደንቡ በፊት ይማራል ማለት ነው። ከ«ለ» ወይም ከ«በ» ቢጀመር ምን ይጎድላል? ካዕብ ብዙውን ጊዜ በቀኝ ጎን ቅጥያ ያወጣል፤ ሉ፣ ሙ፣ ሱ፣ ቡ። «ሩ» እና «ፉ» ግን ያፈነግጣሉ። ሳድስ ከነጭራሹ ደንብ የለውም፤ ህ፣ ል፣ ም፣ ር፣ ት ጎን ለጎን ቢቀመጡ የሚጋሩት ምልክት አይገኝም። አማርኛ ጽሑፍ ውስጥ በብዛት የሚመጣው ደግሞ እሱው ነው። ሐ፣ ኀ፣ ሠ፣ ዐ፣ ፀ ለአንደኛ ክፍል ሁለተኛ መንፈቀ ዓመት ቢቆዩ ማንም አይጎዳም።

ሳድስ ሁለት ጠባይ አለው፤ አንዴ ድምፅ ያወጣል፣ አንዴ ይዋጣል። «ትምህርት» ውስጥ የመጀመሪያው «ት» እና «ህ» ብቻ ድምፅ ያወጣሉ፤ ሦስቱ ይዋጣሉ፤ በጭብጨባ ቢቆጠር ትም–ህርት ሁለት ነው። ይህን በቃል ገለጻ ልጅ አይረዳውም፤ በቃላት ቅደም ተከተል ነው የሚገባው። መጀመሪያ ሳድስ የሌለባቸው፦ ዶሮ፣ በሬ፣ ጋሪ፣ አበባ። እነዚህን በየቀኑ እያጨበጨቡ ሁለት ሳምንት። ቀጥሎ ሳድሱ መጨረሻ ላይ የሚመጣባቸው፦ ላም፣ ቤት፣ ወተት። «ላ» ብሎ ከንፈሩን ሲገጥም «ላም» መሆኑን ልጁ ራሱ ያገኘዋል፤ መምህሩ ቀድሞ ከነገረው ግን ይሸመድደዋል እንጂ አያነበውም። ከዚያ መሐል ላይ፣ «ወንበር» እና «መስኮት»። ከሁሉ በኋላ በሳድስ የሚጀምሩት፦ ልጅ፣ ብርድ፣ ክረምት። ብርድ ለደሴ ልጅ ትርጉሙን ማስረዳት አያስፈልግም፤ የጦሳ ተራራ ጭጋግ ወርዶ ያስረዳዋል። ብዙ ጊዜ የሚበላሸው የመማሪያ መጽሐፉ በሁለተኛው ሳምንት ወደ መጨረሻው ደረጃ ስለሚዘል ነው።

ማጥበቅና ማላላት ሌላ ጣጣ ነው። «ሰፊ» ልብስ ሰፊው ነው ወይስ ሰፊ ሜዳ? «ዋና» የውኃው ነው ወይስ ዋናው? ጽሑፉ አይናገርም። ከኮምቦልቻ ወደ ደቡብ ወርዶ ከሚሴ በቁቤ፣ በኦሮምኛው የላቲን ፊደል፣ የሚማር ልጅ ይህ ችግር የለበትም፤ የጠበቀው ፊደል ተደግሞ ይጻፋል፤ በምትኩ ረጅም አናባቢ ስለሚደገም ቃሉ ይረዝምበታል። የአማርኛው ልጅ ግን ዓረፍተ ነገሩን እስከ ጫፉ ሳይሰማ አያውቀውም፤ ስለዚህ እንደዚህ ያለ ቃል ለብቻው ሰሌዳ ላይ ተጽፎ «አንብብ» አይባልም።

ደሴ በወይዘሮ ስኂን ትምህርት ቤት ትኮራለች። ዋለልኝ መኮንን ከዚያ ወጥቶ ዩኒቨርሲቲ ገባ፤ በኅዳር 1962 ተማሪ ሳለ ስለ ብሔረሰቦች ጥያቄ የጻፈው ጽሑፍ አገሩን እስከ ዛሬ ያነጋግራል። ከዚያ ወዲህ ልጁ በየትኛው ቋንቋ ይማር የሚለው ክርክር ከመንግሥት መንግሥት ተሻገረ። በሐምሌ 1971 የተጀመረው የመሠረተ ትምህርት ዘመቻ በ15 ቋንቋ ደርሶ ነበር፣ የዩኔስኮ ሽልማትም አግኝቷል፤ ይሁን እንጂ ብዙ ገበሬ የምስክር ወረቀቱን ግድግዳው ላይ ሰቅሎ ንባቡን ረሳው፤ ከመማሪያው ሌላ የሚነበብ ነገር ቤቱ ስላልደረሰ። የ1986ቱ ፖሊሲ በአፍ መፍቻ ቋንቋ መማርን አጸና፤ ልክም ነው። የትኛው ቋንቋ የሚለው ጥያቄ ፓርቲም ባንዲራም አለው፤ እንዴት ያነባል የሚለው የለውም። ለ«ወተት» እና ለ«ወንበር» ቅደም ተከተል ማን ሰላማዊ ሰልፍ ይወጣል?

በ2012 አንደኛ ክፍል የገባን የደሴ ልጅ እንውሰድ። መጋቢት ላይ በኮሮና ምክንያት ትምህርት ቤቱ ተዘጋ፤ ላም እና ቤት ላይ በሚደርስበት ጊዜ መሆኑ ነው። ሦስተኛ ክፍል ሲደርስ፣ በጥቅምት 2014፣ ጦርነቱ ከተማው ገባ፤ ኅዳር ማብቂያ ላይ ወጣ። ከነሐሴ 2015 ወዲህ ደግሞ በአማራ ክልል ብዙ ትምህርት ቤት ተዘግቶ ከረመ። የክፍሉ ቁጥር ግን እንደ ቀን መቁጠሪያ ነው፤ ይሄዳል። እንዲህ ያለ ልጅ ስድስተኛ ክፍል ተቀምጦ «ብርድ» ላይ ሲቆም ሰነፍ መባል የለበትም፤ ዶሮ እና በሬ ላይ መልሶ መጀመር ግን አለበት፤ በዕድሜው ቢያፍርም።

የት ላይ እንደቆመ ማወቂያው ሁለት ደቂቃ ይፈጃል። አንድ ወፍራም ካርቶን ላይ ፊደል የሚያህል ቀዳዳ ይበሳና የሀሁ ገበታ ላይ እየተንሸራተተ ከየቦታው 20 ፊደል ይጠየቃል፤ በረድፍ አይደለም። ከሦስት ሰከንድ በላይ ያመነታባቸው ይመዘገባሉ። ከዚያ አምስት ቃል፦ ዶሮ፣ ላም፣ ወንበር፣ ብርድ፣ ትምህርት። የቆመበት ቃል የሚማርበት ደረጃ ነው። ሌላው ክፍል የእጅ ጽሑፍ ሲገለብጥ መምህሩ በቀን ስድስት ልጅ ቢሰማ 60ው በሁለት ሳምንት ያልቃል። መጨረሻ ላይ ትርጉም የሌለው ቃል ይጨመራል፣ ለምሳሌ «ላቤሙ»፤ ቃላቱን ሸምድዶ የመጣ እዚህ ላይ ይያዛል። አንዳንዱ የሚያውቀው ቃል መስሎት «ላሜ» ይላል፤ እሱ እየገመተ ነው፣ ወደ ወተት ይመለሳል። አንዳንዱ ቀስ ብሎ «ላ-ቤ-ሙ» ይልና ቀና ብሎ «ምን ማለት ነው?» ይላል። የእሱ ስም አጠገብ ምልክት ይደረግና ቀጣዩ ልጅ ይጠራል።