ከርከዴው ሲደርቅ ድምፅ አለው

እንደ ሻይ ተፈልቶ የሚጠጣውን ቀዩን ከርከዴ የማውቀው ደርቆ፣ በላስቲክ ታሽጎ ሱቅ ውስጥ ነበር። ባቱ አካባቢ ባለችው የቤተሰባችን ማሳ ላይ ሩብ ሄክታር ከበቆሎው ቀንሰን እስክንዘራው ድረስ፣ ተክሉን በዓይኔ አይቼው አላውቅም።

ዘሩን አንድ ሌሊት ውኃ ውስጥ አሳድረን ሰኔ ላይ ዘራን። ማብቀሉ አላስቸገረንም። የጥጥና የባሚያ ዘመድ ስለሆነ ሙቀት ይወዳል፤ ውኃ የሚተኛበት መሬት ግን አይስማማውም። አረሙን ቶሎ ቶሎ ካረምንለት ሌላው ቀላል ነው።

መስከረም መጨረሻ ላይ አበባ ያዘ። ጠዋት ሲፈካ ነጣ ያለ ቢጫ ነው፣ መሀሉ ጠቆር ያለ ቀይ። ማታ ስትመለስ ጠውልጎ ታገኘዋለህ። የሚደርቀው ግን እሱ አይደለም። አበባው ከረገፈ በኋላ ፍሬውን አቅፎ የሚወፍረው ቀይ ልባስ ነው። ሳይጠነክር፣ ፍሬውም ሳይፈነዳ መልቀም አለብህ።

ፍሬውን ከውስጡ ማውጣት ትልቁ ጣጣ ነው። በቢላ ሞከርን፣ ልባሱ ተቀዳደደ። አባቴ ቁራጭ የብረት ቱቦ ፈልጎ ጫፉን በሞረድ ሳለልን። ከግንዱ በኩል ገፋ ስታደርገው አረንጓዴው ፍሬ በላይ በኩል ዱብ ይላል። ልባሱ እንደ ትንሽ አክሊል ሙሉውን ይቀራል። በዚህ መሣሪያ ሦስት ሆነን የቀኑን ለቀማ እስከ ማታ እንጨርሳለን። ጣትህ ላይ ጭረት ካለ ኮምጣጣው ውኃ በጣም ይለበልባል፤ ጓንት አድርግ።

ያከሰረኝ ማድረቁ ነው። የመጀመሪያውን ለቀማ መሬት ላይ ፕላስቲክ ዘርግቼ ፀሐይ ላይ አሰጣሁት። ከላይ ቀለሙ ገረጣ፣ ከሥር ላብ ቋጠረ። በሦስተኛው ቀን ስነካው ደረቅ መሰለኝና በማዳበሪያ ከረጢት ሞልቼ አሰርኩት። ከሁለት ሳምንት በኋላ ስፈታው ሽታው ፊቴን መታኝ። ሻግቷል። የስንት ቀን ድካም ነበር፣ እጄን ከትቼ ነጩን ሻጋታ ሳወጣ አለቀስኩ።

ለሁለተኛው ለቀማ ከባሕር ዛፍ እንጨት ቆጥ ሠራን። ላዩ ላይ ወንፊት ሽቦ ወጠርን፣ በንጹሕ ነጭ ጨርቅ ሸፈንነው፣ ከላይ ጥላ አደረግንለት። አየር ከሥርም ከላይም ያገኘዋል። ሳሳ አድርገን በትነን በቀን ሁለቴ እናገላብጠዋለን። ማታ ጤዛ እንዳይነካው ወደ ቤት እናስገባዋለን። ስድስት ቀን ፈጀ፤ ቀለሙ ግን ጥቁር ቀይ እንደሆነ ቀረ።

መድረቁን ያረጋገጠችልኝ እማዬ ናት። በርበሬ ስታደርቅ የኖረች ሴት ናት። አንድ እፍኝ ዘግና ጆሮዬ ሥር ጨበጠችው። «ስማው፣ ዝም ካለ ውኃ አለው። ሲንኮሻኮሽ ነው የደረቀ» አለችኝ። ያን ቀን ዝም አለ፤ አንድ ቀን ጨመርንለት። በማግስቱ እጇ ውስጥ እንደ ደረቅ ቅጠል ተንኮሻኮሸ።

አርባ ኪሎ እርጥቡ አራት ኪሎ ገደማ ሆነ። ይህን ሳታሰላ ከነጋዴ ጋር ዋጋ አትነጋገር፤ እኔ በእርጥቡ አስቤ ነው የገባሁበት። ዘንድሮ ቆጡን በእጥፍ አስረዝመነዋል። ከረጢት የማስረውም እማዬ ጨብጣ ካዳመጠችው በኋላ ነው።