የእማዬ ስኳርና ግፊት በቴሌግራም

እማዬ ደብረ ብርሃን ናት፣ እኔ ቨርጂኒያ። ስኳርም ግፊትም አለባት። ደውዬ «እንዴት ነሽ?» ስላት መልሷ ሁሌም «እግዚአብሔር ይመስገን፣ ምንም አልልም፤ አንተ ብቻ በርታልኝ» ነው። እናት ባሕር ማዶ ላለ ልጇ ሕመሟን አትነግርም፤ ስለዚህ ጤንነቷን ከአፏ ሳይሆን ከመለኪያው መስማት ነበረብኝ።

ለዚህ ተብለው የተሠሩ አፖች ሞልተዋል። አንዱንም አልተጠቀምኩም። ቤት ያለው ስልክ ላይ ቴሌግራም ድሮም አለ፣ አጠቃቀሙንም ሁሉም ያውቀዋል። ግሩፑ ውስጥ ያለነው እኔ፣ አዲስ አበባ የሚኖረው ወንድሜና ከእማዬ ጋር የምትኖረው የአክስቴ ልጅ ነን። የሥራው ጀግና እሷ ናት፤ ስልኩን የሚይዝ ሰው ቤት ውስጥ ከሌለ ይህ ሁሉ ወሬ ነው።

ከውጭ መለኪያ ገዝቶ የሚልክ ሰው ብዙ ስለሆነ አንድ ነገር ልበል። በስኳር ልኬት ገንዘብ የሚበላው ማሽኑ ሳይሆን ስትሪፑ፣ ማለትም የደም ጠብታ የሚነካበት መለኪያው ውስጥ የሚገባው ቁራጭ ነው፤ ስትሪፕ ደግሞ የዚያው መለኪያ ካልሆነ አይሠራም። ወንድሜ መጀመሪያ ፋርማሲዎቹን ዞሮ የትኛውን ስትሪፕ አዘውትረው እንደሚይዙ ጠየቀ፤ ከዚያ መለኪያውን እዚያው ገዛን። እንግሊዝ አገር የሚሸጠው ሌላም ጣጣ አለው፦ የሚያነበው በሚሊሞል በሊትር ነው፣ አገር ቤት የተለመደው ግን ሚሊግራም በዴሲሊትር ነው። ያኛው 8 ሲል በእኛ 144 ማለቱ ነው፤ በ18 ማባዛት ነው። ይህን ያልነገሯት እናት «ስኳሬ ወርዶ 8 ገባ» ብላ ማር ልትልስ ትችላለች።

ሕጋችን አንድ ነበር፦ ቁጥር አይጻፍም፣ የመለኪያው ፎቶ ይላካል። ሰው ሲጽፍ ቁጥሩን ያሳምረዋል፤ 148 «140 አካባቢ» ይሆናል። ፎቶ ደግሞ ያልጠየቁትንም ይናገራል። የመጀመሪያዎቹን የግፊት ፎቶዎች እዚህ ነርስ ለሆነች ጓደኛዬ ሳሳያት፣ ቁጥሩን ትታ ጥግ ላይ የምትታየውን ነጭ ነገር አጎላቻት። የጋቢ ጫፍ ናት። «በጋቢው ላይ ነው እኮ የጠመጠሙት!» አለች። ከዚያ ሥርዓቱን በድምፅ መልእክት ላከችላቸው፦ ክንድ ከልብስ ነፃ ይሁን፤ ጀርባን ተደግፎ፣ እግርን መሬት አስነክቶ 5 ደቂቃ ጸጥ ብሎ መቀመጥ፤ ክንድ ጠረጴዛ ላይ በልብ ትክክል ይረፍ፤ ሲለካ ወሬ የለም፤ ልኬቱም ከአቦል በፊት ይሁን። እማዬ ቡናውን ማቆየት አልከበዳትም፤ ያቃታት ወሬ ማቆሙ ነው።

ጥቅሙን ያየነው በቀጠሮዋ ቀን ነው። ተራዋ እስኪደርስ አግዳሚ ወንበር ላይ ስትጠብቅ ቆይታ ስትለካ ላይኛው 170 አለ። ሐኪሙ መድኃኒት ሊጨምርላት ብዕር አነሣ። በስልክ ላይ የተደረደረ ፎቶ ለማየት ጊዜ የለውም፤ አልፈርድበትም፣ ውጭ ሰልፍ አለ። የአክስቴ ልጅ ግን የሳምንታቱን የጠዋትና የማታ ልኬት በአንድ ገጽ ወረቀት ገልብጣ ይዛ ነበር። ቤት ውስጥ 130 ምናምን ላይ ነው። ሐኪም ቤት ሲለካ 140/90 የሚባለው የከፍተኛ ግፊት ድንበር ቤት ሲለካ 135/85 ነው። አንዳንድ ሰው ነጭ ጋውን ሲያይ ግፊቱ ይነሣል፤ እማዬም ከነሱ ናት። ሐኪሙም የግፊት ኪኒኗን አምሎዲፒንን ባለበት ተወው፣ ወረቀቷንም ከካርዷ ጋር አያያዛት። ከቴሌግራሙ ሁሉ የሐኪሙን ሐሳብ የቀየረችው ያቺ ወረቀት ናት።

ደግሞ አንድ ሰሞን የጠዋት ስኳሯ 210፣ ከዚያ 240 ይል ጀመር። ስትሪፑ ጊዜው አልፎ እንደሆነ የዕቃውን ፎቶ አስላክሁ፤ ደህና ነው። ቅዳሜ ወንድሜ ሄዶ ቁም ሣጥኑ ውስጥ አንድ ላስቲክ ዱቄት አገኘ። ቲክቶክ ላይ አንድ ሰውዬ «ስኳርን ከሥሩ ይነቅላል» ብሎ የሚሸጠው ነው፤ ጎረቤት አምጥታላት የስኳር ኪኒኗን ሜትፎርሚንን ትታ እሱን ስትጠጣ ነበር። መከራከር አላዋጣንም። የሰፈሯ ፋርማሲስት ግን በድምፅ «እማማ፣ ኪኒንዎን ከዛሬ ማታ ጀምረው ይዋጡ፤ ዱቄቱን ይተዉትና ለሐኪምዎ ያሳዩት» ብላ ላከችላት። ደጋግማ ሰማችው፣ ታዘዘችም። ቲክቶክን አልራገምም፤ በአማርኛ አሳምረው የሚያስረዱ ሐኪሞችም እዚያው አሉ። ዱቄት ሻጩ ግን ከነሱ ይልቅ ድምፁ ይጣፍጣል።

ሐምሌ 2015 መጨረሻ ላይ በአማራ ክልል የሞባይል ኢንተርኔት ሲዘጋ ግሩፑ ጭጭ አለ። የአክስቴ ልጅ ልኬቱን ደብተር ላይ እየጻፈች በተራ ስልክ ለወንድሜ ትነግረዋለች፣ እሱ አዲስ አበባ ሆኖ ለእኔ ይጽፋል። ፎቶ ስለቀረ፣ ወንድሜ በሄደ ቁጥር መለኪያው ራሱ የያዘውን የቀድሞ ልኬት እየከፈተ ከደብተሩ ጋር ያስተያይ ነበር። ኢንተርኔቱ ከተመለሰም በኋላ ደብተሩን አልተውነውም።

መድኃኒት ሲጠፋ በቴሌግራም ማፈላለግ እውነትም ይረዳል፤ ወንድሜ «አምሎዲፒን 5 ሚሊግራም የት አለ?» ብሎ ይለጥፍና መልስ ያገኛል። የሚጠይቀው በመድኃኒቱ መጠሪያ እንጂ በፋብሪካው ስም አይደለም፤ ማዘዣውን ፎቶ ካነሣም የእማዬን ስምና የካርድ ቁጥር ይሸፍናል። «ኢንቦክስ አድርግ፣ በሞተር እናደርሳለን» የሚሉትን ያልፋቸዋል። የሚገዛው በር ካለው፣ ፈቃዱን ግድግዳ ላይ ከሰቀለ ፋርማሲ ነው፤ ማሸጊያውን አገላብጦ ቀኑን ሳያይም አይከፍልም።