ወደ ዝዋይ ደሴቶች፣ ሸማኔ ፍለጋ

ከአዲስ አበባ ባቱ (የቀድሞዋ ዝዋይ ከተማ) በሞጆ በኩል 160 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። እዚህ ድረስ ማንም ይደርሳል፤ ጣጣው ከጀልባ መነሻው ወዲያ ነው። ዝዋይ ሐይቅ ላይ ዛይ የሚባሉት የሐይቁ ሕዝቦች የኖሩባቸው አምስት ደሴቶች አሉ፦ ቱሉ ጉዶ (ደብረ ጽዮን)፣ ጸደቻ፣ ፉንዱሮ፣ ደብረ ሲናና ገሊላ። አሣ ማስገር፣ እርሻና ሽመና የቆዩ ሙያዎቻቸው ናቸው።

ቀን ስመርጥ መጀመሪያ የማየው የአየር ትንበያውን ሳይሆን የቤተ ክርስቲያኑን የበዓላት መቁጠሪያ ነው። በሰንበትና በወሩ 21 ቀን፣ በማርያም፣ መወርወሪያ (ክሩን በድሩ መሀል የሚያሳልፈውን የሸማኔ መሣሪያ) የሚያነሳ የለም። ኅዳር 21 ደግሞ ጽዮን ናት፤ ሸማውን ተለብሶ ለማየት የሚመች ቀን ነው፣ ሲሸመን ለማየት ግን አይሆንም።

ቀጥሎ ስልክ። ከዛዮች ብዙዎቹ ዛሬ የሚኖሩት በሐይቁ ዳርቻ ነው፤ ሸማኔው ደሴቱ ላይ ስለመኖሩ ሳያጣሩ ጀልባ መከራየት ገንዘብ መበተን ነው። «አሉ ወይ?» ብሎ መጠየቅም ብቻውን አይበቃም። ትክክለኛው ጥያቄ «ድሩ (በርዝመት የሚወጠረው ክር) ተደርቶ አልቋል ወይ?» ነው። በመቶ የሚቆጠሩ ክሮች አንድ በአንድ እየገቡ ባለበት ቀን የደረሰ ሰው ሽመና ሳያይ ይመለሳል።

ቱሉ ጉዶ በሞተር ጀልባ ከአንድ ሰዓት በላይ ይወስዳል። የምነሳው ጎሕ ሲቀድ ነው፣ ከደሴቱ የምወጣው ከቀኑ 6 ሰዓት በፊት። ከሰዓት በኋላ ነፋስ ይነሳል። ሐይቁ በጣም ጥልቅ በሚባለው ቦታ እንኳ 9 ሜትር ገደማ ነው፤ ውሃው ስስ ስለሆነ ማዕበሉ አጭርና ቀጥ ያለ ሆኖ ጀልባውን ከጎን ይመታል። ከመሳፈሬ በፊት ለእያንዳንዱ ሰው ላይፍ ጃኬት መኖሩን፣ ማሰሪያው መያዙንና ትርፍ ነዳጅ መጫኑን አያለሁ። ዳር ያለው ደንገል ፕሮፔለሩ ላይ ይጠመጠማል፤ ያኔ ሞተሩ ይጥፋ እንጂ በጉልበት አይነዳ። ወርዶ በባዶ እግር ውሃ ውስጥ መቆም ግን አይመከርም፣ ብልሃርዝያ አለ።

ክሩን ይዤ እሄዳለሁ። የቆየው ወግ ይኸው ነው፤ ፈትሉ ከባለቤቱ፣ የእጅ ዋጋው ለሸማኔው። ለድር የፋብሪካ ክር፣ ለማግ (ድሩን አቋርጦ ለሚገባው ክር) የእጅ ፈትል። ፈትሉን ለድርም ላድርገው የሚል ሰው ሸማኔውን ያስመርራል፤ የእጅ ፈትል አንዱ ቦታ ጠንክሮ ሌላው ቦታ ስለሚላላ፣ ድሩ ሲወጠር እዚያው ላይ ይበጠሳል፣ መቀጠያውም ጨርቁ ላይ ይታያል። ልቃቂቱን በድርብ ላስቲክ እጠቀልላለሁ፤ ሐይቅ ላይ የረጠበ ክር ሳይደርቅ ከተቀመጠ ይሻግታል። ጋቢ አራት ድርብ ነውና ለነጠላ የተሰላ ማግ አይበቃውም። ከጎደለ ደግሞ ሌላ እጅ የፈተለው ይገባል፣ ውፍረቱም ይለያል።

ሸማኔው የሽመናው ጉድጓድ ጫፍ ላይ ተቀምጦ እግሩን ወደ ታች ይሰዳል፤ በእግሩ ድሩን ይከፍታል፣ በእጁ መወርወሪያውን ከግራ ቀኝ ያመላልሳል። ማጉ አስቀድሞ በቀሰም (ክር በሚጠመጠምበት ትንሽ ዘንግ) ተደውሮ መወርወሪያው ሆድ ውስጥ ገብቷል። የሸማው ስፋት የሚወሰነው እጁ እስከሚደርስበት ነው፤ ሰፊ ልብስ ሲፈለግ ሁለት ቁራጭ ጎን ለጎን ይሰፋል። «ሳይሰፋ ወጥ አድርገህ ሥራልኝ» የሚል ትእዛዝ ስለዚህ ከንቱ ነው። ፎቶ ለማንሳት የምጠይቀው ቀሰም ሲያልቅበት ነው። መሀል ላይ ሲያናግሩት የእጁ ምት ይለወጣል፣ ማጉም እዚያ ቦታ ላይ ይሳሳል፤ አይቶ የሚያውቅ ሰው በጨርቁ ላይ ይለየዋል።

ርዝመት ሲነገር በክንድ ከሆነ በማን ክንድ እንደሆነ እዚያው መለካት ነው፣ ወይም ሜትር መያዝ። ሲታጠብ ስለሚያጥር ትንሽ ማስረዘም ይሻላል። ለጥለት የሚሆነውን ክር ደግሞ ቀብድ ከመክፈል በፊት እፈትሻለሁ፤ እርጥብ ነጭ ጨርቅ አድርጌ አሸዋለሁ፣ ቀለም ከለቀቀ ክሩ ይቀየራል። ጥለቱ ከገባ በኋላ መፍትሔ የለውም።