ሕመሟን ግለጥልን ብለን ነበር

በስመ አብ ወወልድ ወመንፈስ ቅዱስ አሐዱ አምላክ አሜን። ኪዳነ ምሕረት ለእናቴ ያደረገችላትን ልመሰክር ቃል ገብቻለሁ።

እናቴ የምትኖረው ዘጌ ነው። ሰባውን አልፋለች። ድንገት ፊቷና እግሯ ያብጥ ጀመር። ሽንቷም አረፋ በዛበት። ሰው ሁሉ «እርጅና ነው» አለን። ባሕር ዳር አምጥተን ስናስመረምራት ኩላሊቷ ብዙ ፕሮቲን ወደ ሽንት እያፈሰሰ ነው ተባለ። ለምን? በደምና በሽንት ምርመራ ብቻ አልታወቀም። ሐኪሙ «ባዮፕሲ ያስፈልጋታል» አለን። ከኩላሊቷ በመርፌ ትንሽ ናሙና ይወሰዳል። ሪፈር ተጻፈልንና አዲስ አበባ ሄድን።

ቤተሰቡ ተጨነቀ። በዚህ ዕድሜ ኩላሊቷ ይወጋ? ብትደማስ? ሐኪሙ ፍርሃታችንን አልናቀም። አዎ፣ ዋናው አደጋ መድማት ነው አለን። ዕድሜ ብቻውን ግን አይከለክልም። የበሽታው ዓይነት ሳይለይ ጠንካራ መድኃኒት መጀመርም ለአረጋዊ ሰውነት ከባድ ነው። የንስሐ አባታችን ሲራክ ምዕራፍ 38ን አነበቡልን፤ መድኃኒትን የፈጠረ እግዚአብሔር ነው። ጠበሏን ተጠመቀች። ከዚያ ወዲያ ጸሎታችን አንድ ብቻ ሆነ፦ «ሕመሟን ግለጥልን»።

አስፕሪኗን ቀደም ብለው አስቆሟት። ግፊቷንና የደሟን መርጋት አዩ። በሆዷ አስተኝተው ቦታውን አደነዘዙ። በአልትራሳውንድ እያዩ መርፌውን ሲያስገቡ «እማማ፣ ትንፋሽዎን ይያዙ» ይሏታል። እኔ በር ላይ ውዳሴ ማርያም እደግማለሁ። ከዚያ ለሰዓታት በጀርባዋ ተኛች። ነርሶቹ ሽንቷ ደም ቀላቅሎ እንደሆነ እየተመላለሱ ያያሉ። ምንም አልነበረም። ተመስገን!

ውጤቱ ሚኒማል ቼንጅ የሚባለው በሽታ ሆነ። የኩላሊቷ ማጣሪያዎች በተለመደው ማይክሮስኮፕ ሲታዩ ጤነኛ ይመስላሉ፣ ጠባሳ የለባቸውም። ሐኪሙ «በብዛት ሕፃናት ላይ የምናየው ነው፣ አዛውንትንም ይይዛል፤ ፕሬድኒሶሎን በሚባል መድኃኒት የመዳን ተስፋው ትልቅ ነው» አለን። እናቴ «በስተርጅና የልጅ በሽታ ሰጥቶ ማረኝ!» ብላ እልል አለች።

ፈውሱ ቀስ ብሎ ነው የመጣው። በትልልቅ ሰዎች ወራት ሊፈጅ ይችላል። ጨው ቀነሰች። እብጠቱ ጎደለ፣ በሽንቷ የሚፈሰው ፕሮቲንም ቆመ። የካቲት 16 ዑራ ኪዳነ ምሕረት በእግሯ ሄዳ አስቀደሰች። እኔም ስለቴን አስገባሁ።

መድኃኒቱ አሁን እየተቀነሰላት ነው። ስኳሯንና ግፊቷን እንከታተላለን። ሕመሙ ሊያገረሽ ይችላልና በጸሎታችሁ አስቧት፤ ወለተ ማርያም በሉልኝ።