ታይሌኖልና ፓራሲታሞል አንድ መሆናቸውን ሳላውቅ

በዋሽንግተን አካባቢ ኤፕሪል ሲገባ ውጭ ያደረ መኪና ሁሉ ቢጫ ዱቄት ለብሶ ይነጋል። የዛፍ ብናኝ ነው። ሰው የቼሪ አበባ ሥር ፎቶ ሲነሣ እኔ ሶፍት ታቅፌ እዞራለሁ። አዲስ አበባም እያለሁ «አንተማ ሳይነስ አለብህ» እየተባልኩ ያደግሁ ነኝ፤ ባለፈው ዓመት የያዘኝ ግን ሌላ ነበር። የጫማዬን ክር ላስር ጎንበስ ስል ግንባሬ ውስጥ ድንጋይ የሚንከባለል ይመስለኛል። የላይኛው ጥርሴ በሙሉ ያመኛል። ተቦርቡሮ ነው ብዬ የጥርስ ሐኪም ቀጠሮ ልይዝ ነበር፤ የላይኞቹ መንጋጋ ጥርሶች ሥራቸው ጉንጭ ውስጥ ካለው የሳይነስ ክፍተት ጋር እንደሚጎራበት ያወቅሁት በኋላ ነው።

የምሠራው መኪና ማቆሚያ ውስጥ ነው። አንድ ቀን ከቀረሁ የዚያ ቀን ደሞዝ የለም። ስለዚህ እቤት ያለውን ሁሉ እየዋጥኩ ወጣሁ።

ጠዋት ሁለት ፍሬ የቀን የሚባለውን የጉንፋን ካፕሱል ወሰድኩ። እስከ ረፋድ ምንም ለውጥ ስላላየሁ ሁለት ታይሌኖል ጨመርኩ፤ ባለ 500ውን። ምሳ ሰዓት ካፕሱሉን ደገምኩ። ከሰዓት በኋላ አንድ የሥራ ባልደረባዬ «ይሄ የአገር ቤት ነው፣ ይሻላል» ብሎ ከቦርሳው ፓራሲታሞል አውጥቶ ሰጠኝ፤ እሱንም ሁለት። ማታ ልወጣ ስል እንደገና ሁለት ታይሌኖል። እቤት ስገባ ደግሞ እንቅልፍ እንዲወስደኝ የሌሊቱን ካፕሱል ሁለት። በእኔ ቤት አራት ዓይነት መድኃኒት መውሰዴ ነው። አንዱ ካልሠራ ሌላው ይሠራል በሚል ሒሳብ።

ባለቤቴ ሥራዋ አረጋውያን መርዳት ነው። ማን መቼ ምን ዋጠ የሚለውን በሰዓት በሰዓቱ መመዝገብ ለምዳለች። ማታ ሶፋው ላይ ተዘርግቼ ስታየኝ «ዛሬ ምን ምን ወሰድክ?» አለችኝ። ቆጠርኩላት። ዝም ብላ ተነሣችና ሣጥኖቹን ከየቦታው ሰብስባ የወጥ ቤቱ ጠረጴዛ ላይ ደረደረቻቸው፤ ከዚያም በጀርባቸው ገለበጠቻቸው። እኔ ገዝቼ አንድም ቀን ጀርባውን አይቼ አላውቅም። ፊት ለፊቱ ላይ ትልልቅ ፊደል፣ የሚያበራ ቀለም፣ «ለከባድ የሳይነስ ሕመም» የሚል ጽሑፍ አለ፤ ቁም ነገሩ ግን ጀርባው ላይ በጉንዳን ፊደል የተጻፈው ነው። በየሣጥኑ መጀመሪያው መስመር ላይ አንድ ስም አለ፤ አሴታሚኖፌን።

«ፓራሲታሞሉስ?» አልኳት። ስልኳን አወጣች። አሴታሚኖፌን አሜሪካኖቹ የሚጠሩበት ስም ነው፤ የቀረው ዓለም አብዛኛው ፓራሲታሞል ይለዋል። ፓናዶልም ያው እሱ ነው። ስሙን እየለዋወጠ አንድ ቀን ሙሉ በአራት በር የገባብኝ አንድ መድኃኒት ነበር!

በእስክሪብቶ ደመርነው። የቀኑ ካፕሱል አንዱ ፍሬ 325 ሚሊግራም ነው፤ አራት ፍሬ 1300። ታይሌኖሉ 2000። የባልደረባዬ 1000። የሌሊቱ 650። ድምሩ 4950። ለጤነኛ አዋቂ የቀኑ ጣሪያ 4000 ሚሊግራም ነው፤ የታይሌኖሉ ሣጥን ራሱ ሐኪም ካላዘዘ በቀን ከ3000 አትለፍ ይላል። ቁጥሩን ሳየው ሕመሜ ጠፋ ማለት ይቻላል፤ በድንጋጤ።

የደወልነው ፖይዝን ኮንትሮል ወደሚባለው የመርዝና የመድኃኒት ጉዳት ምክር መስመር ነው፤ 1-800-222-1222። ሌሊትም ይሠራሉ፣ ክፍያ የለውም፣ አስተርጓሚም ያቀርባሉ። ያነሣው ሰው ዕድሜዬን፣ ኪሎዬን፣ የመጨረሻውን ስንት ሰዓት እንደወሰድኩ፣ መጠጥ እጠጣ እንደሆነ፣ የጉበት በሽታ እንዳለብኝና ከዚያ በፊት ባሉት ቀናት ምን ያህል ስወስድ እንደነበር አንድ በአንድ ጠየቀኝ። ከዚያ ሌላ እንዳልጨምር፣ ካቅለሸለሸኝ፣ በቀኝ በኩል ከጎድን አጥንቴ በታች ካመመኝ ወይም ዓይኔ ቢጫ ከሆነ ድንገተኛ ክፍል እንድሄድ ነገረኝ። ይህ ለእኔ፣ በእኔ ኪሎና በእኔ ሰዓት የተባለ ነው፤ ሌላ ሰው ሌላ ሊባል ይችላል። ያስፈራኝ ግን ከስልኩ በኋላ ያነበብኩት ነው። ከመጠን ያለፈ ፓራሲታሞል ጉበትን ሲጎዳ በመጀመሪያው ቀን ሰውየው ደህና ሊመስል ይችላል። ማርከሻ መድኃኒት አለው፤ በደንብ የሚሠራው ግን በ8 ሰዓት ውስጥ ከተደረሰ ነው። «ደህና ነኝ እኮ» ብሎ መተኛት እዚህ ላይ አያዋጣም።

እኔ ደህና ሆንኩ። አፍንጫዬ ግን እንደተደፈነ ነው።

በማግስቱ ፋርማሲ ሄድኩ። የምፈልገውን አውቃለሁ፤ ድሮ ጓደኛዬ የሰጠኝ፣ አፍንጫ ቶሎ የሚከፍተው ሱዳፌድ ነው። መደርደሪያው ላይ ሱዳፌድ ፒኢ የሚል አገኘሁና ይዤ ወደ መክፈያው ስሄድ ከመስኮቱ ጀርባ ያለችው ፋርማሲስት በአማርኛ «ጋሼ፣ እሱን ይተዉት» አለችኝ። በምን አወቀችኝ? ባለቤቴ ጋር በስልክ ስጨቃጨቅ ሰምታኝ ኖሯል።

ፒኢ የሚለው ፌኒልኤፍሪን ነው አለችኝ። በ2023 የአሜሪካ የመድኃኒት ተቆጣጣሪ መሥሪያ ቤት የኤፍዲኤ አማካሪዎች ተሰብስበው በአፍ የሚዋጠው አፍንጫ አይከፍትም ብለው ያለ ልዩነት ድምፅ ሰጥተዋል፤ በ2024 መጨረሻ መሥሪያ ቤቱ ራሱ ያለ ማዘዣ ከሚሸጡት መድኃኒቶች ዝርዝር እንዲወጣ ሐሳብ አቅርቧል። ሳጥኑ ግን መደርደሪያው ላይ ነው። የሚሠራው የድሮው ሱዳፌድ፣ ማለትም ሱዶኤፍድሪን፣ ከመስኮቱ ጀርባ ነው ያለው። የሐኪም ማዘዣ አይፈልግም፤ መታወቂያ አሳይቶ፣ ተመዝግቦ፣ በወር ከ9 ግራም ሳያልፍ ነው የሚገዛው፤ ሰዎች ሜታምፌታሚን የሚባለውን ዕፅ ስለሚሠሩበት በ2006 በወጣ ሕግ እንዲህ ተደረገ።

መታወቂያዬን አወጣሁ። አልተቀበለችኝም።

«ግፊት አለብዎት?»

«የለብኝም።»

«መቼ ነው የተለኩት?»

መልስ አልነበረኝም። ጥግ ላይ ያለው ማሽን ወንበር ላይ አስቀመጠችኝ። 151 በ94። አረፍ ብዬ ደገምኩት፤ 148 በ92። ሕመሙም እንቅልፍ ማጣቱም ሊያወጣው ይችላል፣ ሐኪም ይየው፣ እኔ ግን ዛሬ ይህን አልሰጥዎትም አለችኝ። «አፍንጫዎን የሚከፍተው የደም ሥሩን አጥብቦ ነው። የአፍንጫውን ብቻ መርጦ አያጠብም።» ቀጥላ ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ «ሽንትስ አያስቸግርዎትም?» አለች። በልጄ ዕድሜ ያለች ልጅ እንዲህ ስትጠይቀኝ ላብ አጠመቀኝ፤ ግን ጥያቄው የአገባብ ነበር። ፕሮስቴቱ ያበጠ ሰው ይህንን ሲወስድ ሽንቱ ጭራሽ ሊያዝበት ይችላል። አይቡፕሮፌን የሚባለው ሌላው የሕመም ማስታገሻም ግፊት ከፍ ስለሚያደርግና ኩላሊት ስለሚነካ ሐኪም ሳያየኝ እንዳልጀምር ነገረችኝ።

ታዲያ ምን ቀረኝ? ባዶ እጄን የምወጣ መስሎኝ ነበር። ፍሉቲካሶን የሚባል የአፍንጫ ስፕሬይ ሰጠችኝ፤ እሱ ወዲያው አይሠራም፣ ቀናት ይፈልጋል። አወሳሰዱንም አሳየችኝ፤ ቀና ሳይሆን ትንሽ አቀርቅሮ፣ በቀኝ እጅ ለግራ ቀዳዳ፣ በግራ እጅ ለቀኝ፣ ጫፉን ከመሐል ግድግዳው አሽሽቶ ወደ ጆሮ አቅጣጫ። በኃይል ወደ ውስጥ መሳብ የለም፤ ጉሮሮ ውስጥ ከወረደ ገንዘቡን ዋጡት ማለት ነው አለችኝ። ከእሱ ጋር የጨው ውኃ ማጠቢያ ዕቃ። የቧንቧ ውኃ በቀጥታ አይገባበትም፤ አልፎ አልፎ በአፍንጫ ገብታ አንጎል የምታጠቃ አሜባ አለች። «ዲስቲልድ» ወይም «ስቴራይል» ተብሎ የተጻፈበት የታሸገ ውኃ፣ ወይም ለአንድ ደቂቃ ፈልቶ የቀዘቀዘ። እንደ አዲስ አበባ ከፍታ ባለበት ቦታ ሦስት ደቂቃ ነው።

ለሕመሙ ደግሞ ፓራሲታሞል ብቻውን፣ ሌላ ምንም ያልተቀላቀለበት፣ ያውም ጉበቴ ካረፈ በኋላ። የመጀመሪያ ቀን አፍንጫዬን ሳጥብ በአንዱ ቀዳዳ ገብቶ በሌላው ሲወጣ ያየሁትን እዚህ አልጽፈውም፤ በአራተኛው ቀን ግን ጫማዬን ጎንበስ ብዬ አሰርኩ። ሐኪሙም በኋላ ሲለካኝ ግፊቱ የእውነት ሆኖ ተገኘና ኪኒን ጀመርኩ። ያቺ ልጅ ባትኖር ሱዳፌዱን ውጬ ነበር የምሄደው።

ሁለት ሳምንት ሳይሞላ ባለቤቴ በተራዋ ታመመች። እሷ ግፊት የለባትም፣ ጨጓራ የለባትም፣ አስም የለባትም፣ ነፍሰ ጡር አይደለችም፤ ፋርማሲስቷ ይህን ሁሉ ጠይቃ ሱዶኤፍድሪኑን ሰጠቻት። መቀላቀል የሚባለውን ነገር በትክክል ያየሁት በእሷ ነው። ፓራሲታሞልና አይቡፕሮፌን ቤተሰባቸው ስለሚለያይ አብረው መሄድ ይችላሉ፤ አንደኛው የሌላውን ጣሪያ አይነካም። አድቪል ግን ራሱ አይቡፕሮፌን ነው፣ አሌቭና አስፕሪን የሚባሉት ማስታገሻዎችም ወንድሞቹ ናቸው፤ ሁለቱን መደረብ ጨጓራን መብሳት ነው። ማቀዝቀዣው ላይ ወረቀት ለጠፈች። «ፓ»፣ «አይ»፣ «ሱ» ብላ ሦስት ዓምድ አሰመረች። በ«አይ» ሥር ሁለት ባለ 200 ፍሬ፣ ምግብ ከበላች በኋላ፣ በቀን ከ1200 ሳያልፍ። በ«ፓ» ሥር በመካከሉ ሲያማት። በ«ሱ» ሥር ሁለት ባለ 30፣ ጠዋትና ምሳ ሰዓት ብቻ። ሣጥኑ በቀን እስከ 240 ይፈቅዳል፤ እሷ ግን ማታ ከወሰደችው ኮርኒስ ስትቆጥር እንደምታድር በአንድ ሌሊት ተምራለች።

ያላሰበችው ቡናውን ነው። እሑድ ጎረቤት መጥታ አቦል፣ ቶና፣ በረካ ተባለ። ሱዶኤፍድሪኑን ከወሰደች ሁለት ሰዓት አልሞላትም። በረካው ላይ እጇ ሲንቀጠቀጥ ስኒው ከማስቀመጫው ጋር ሲንኳኳ እሰማለሁ። «ልቤ ሊወጣ ነው» አለች። አፍንጫ ከፋቹም ቡናውም ልብን ወደ አንድ አቅጣጫ ነው የሚነዱት። ውኃ ጠጥታ ተኛች፣ አለፈላት፤ ከዚያ ወዲህ በ«ሱ» ዓምድ አናት ላይ «ቡና አንድ!» የሚል ተጽፏል።

አሁን የተቀላቀለ ሣጥን አንገዛም። አንዱ ለሳል፣ አንዱ ለትኩሳት፣ አንዱ ለእንቅልፍ ተብሎ የታጨቀውን ሁሉ ለማያመኝ ነገር ለምን እውጣለሁ? ነጠላ ነጠላውን ስገዛ የወሰድኩትን አውቃለሁ። የአለርጂ ኪኒን ስም መጨረሻ ላይ «ዲ» የምትል ፊደል ካለችም እመልሰዋለሁ፤ ክላሪቲን ዲ፣ ዚርቴክ ዲ የሚባሉት ውስጥ ያለው ያው ሱዶኤፍድሪን ነው። የሚረጨው ኦክሲሜታዞሊን ወዲያው ይከፍታል፣ ግን ከሦስት ቀን በላይ አይሆንም። ለወራት ኪሱ ውስጥ ይዞት የሚዞር ጓደኛ አለኝ፤ አፍንጫው አሁን የሚደፈነው በሽታ ኖሮበት ሳይሆን ስፕሬዩ ሲቀርበት ነው። ከአገር ቤት የመጣ አሞክሳሲሊን ያለውም አይጠፋም። አብዛኛው ሳይነስ ግን የቫይረስ ነው፣ አንቲባዮቲክ አይሰማም። ከአሥር ቀን ካለፈ፣ ተሽሎት ከነበረ በኋላ ከባሰ፣ ወይም ትኩሳቱ 39 ከደረሰ ሐኪም ዘንድ ነው። ዓይን አካባቢ ካበጠ፣ ዕይታ ከተደራረበ ወይም አንገት አልታጠፍ ካለ ደግሞ በዚያኑ ሰዓት።

ይህን ሁሉ ካወቅሁ በኋላ ነው እናቴ ትዝ ያለችኝ። ለእሷ በየመንገደኛው ሻንጣ የምልክላት አድቪል ኮልድ ኤንድ ሳይነስ ነው። አይቡፕሮፌንና ሱዶኤፍድሪን በአንድ ፍሬ። የግፊት ኪኒን መውሰድ ከጀመረች አሥር ዓመቷ ነው። ከወራት በፊት በስልክ «ያቺ የላክልኝ አፍንጫዬን ከፈተችው፣ ልቤን ግን ድው ድው ታደርገዋለች» ስትለኝ የአሜሪካ መድኃኒት ኃይለኛ ነው ብዬ ስቄ ነበር።

ወዲያው ደወልኩ።

«እማዬ፣ ያንን የሳይነሱን መድኃኒት እንዳትወስጂ።»

«ምነው፣ ቀኑ አልፏል?»

«አላለፈም። ለግፊትሽ አይሆንም። ስንት ቀረሽ?»

ዝም አለች። «ለእኔማ ጥቂት ናት የቀረችው። ለጎረቤቶቼ አካፍያቸዋለሁ። ለአጥቢያችን ቄስም ሰጥቻለሁ፣ እሳቸውም ግፊት አለባቸው መሰለኝ።»

በማግስቱ በቪዲዮ ደወለችልኝ። ነጠላዋን አጣፍታ አልጋዋ ላይ ተቀምጣለች፤ አጠገቧ ጎረቤቶቿ የመለሱት ስትሪፕና ጠርሙስ ተከምሯል፣ እኔ ያልላክሁትም ጭምር። ስምንተኛ ክፍል የሆነ የጎረቤት ልጅ እያንዳንዱን እያነሣ ከጀርባው ያለውን ያነብልኛል፤ እኔ ወዲህ ወይም ወዲያ እላለሁ፣ እናቴ በሁለት ፌስታል ትለያለች። የቄሱ ገና አልደረሰም ነበር።