ከካርድ ክፍል እስከ ምርመራ አልጋ

ጾታዊ ጥቃት የደረሰባት ሴት «ሐኪም ቤት አልሄድም» ስትል ሕመሟን ንቃ አይደለም። የምትፈራው መንገዱን ነው፦ ካርድ ክፍል መስኮት ላይ ሰው እየሰማ «ምንሽን ነው?» መባልን፣ ልብስ ማውለቅን፣ በጀርባ መተኛትን። የደም ግፊት መለኪያው ክንዷን ሲጨምቃት እንኳ ሰውነቷ የያኔውን ሊያስታውስ ይችላል። ስለዚህ ጅማ ላይ የምትሠሩ የሥነ ልቦና ባለሙያዎች ሪፈር ጽፋችሁ «አይዞሽ» ብትሏት አይበቃም።

ቀጠሮው ከመድረሱ በፊት ጉዞውን አብራችሁ ተለማመዱት። ማን አብሯት ይገባል? ለመስኮቱ «የሴቶች ሐኪም ፈልጌ ነው» ካለች ይበቃል፤ ዝርዝሩ ለሐኪሙ ነው። በአማርኛ ይሻላታል ወይስ በአፋን ኦሮሞ? አስተርጓሚ ካስፈለገ ዘመድ ወይም ጎረቤት አይሁን፤ ጅማ ላይ ወሬ ከባጃጅ ይቀድማል።

ለሐኪሙ የምትሰጠው ወረቀትም አዘጋጁላት፣ ሦስት መስመር ብቻ፦ «ከዚህ በፊት ጉዳት ደርሶብኛል። ከመንካትዎ በፊት ይንገሩኝ። እጄን ሳነሳ ያቁሙ።» እጅ ማንሳቱን እናንተ ዘንድ ደጋግማ ትሞክረው፤ ስትደነግጥ ድምፅ ላይወጣላት ይችላል። ለማህፀን ምርመራ የላይኛውን ልብሷን ማውለቅ እንደማያስፈልጋት፣ ጉልበቷን በነጠላ መሸፈን እንደምትችል፣ አነስ ያለ የመመርመሪያ መሣሪያ መጠየቅ እንደሚቻል አስቀድማ ትወቅ።

ጅማ ማስተማሪያ ሆስፒታል ያለባት ከተማ ናት፤ ነጭ ጋውን የለበሱ ተማሪዎች አልጋውን ሊከቡ ይችላሉ። «ተማሪዎቹ ይውጡልኝ» ማለት መብቷ ነው፤ ካልነገራችኋት ግን አትለውም።

ጥቃቱ የሰሞኑ ከሆነ ለልምምድ ጊዜ የለም፣ በዚያው ቀን ትሂድ። የኤችአይቪ መከላከያ ክኒኑ ከጥቃቱ በኋላ በ72 ሰዓት ውስጥ መጀመር አለበት። ድንገተኛ የእርግዝና መከላከያው እስከ 120 ሰዓት ይሰጣል፤ በቶሎ ሲወሰድ ግን የበለጠ ይሠራል። የሄፓታይተስ ቢ ክትባትም ይጠየቅ። ሳትታጠብ ብትሄድ ለማስረጃው ይረዳል፤ በጥቃቱ ጊዜ የለበሰችው ልብስ በፌስታል ከታሰረ ይሻግታል፣ ወረቀት ከረጢት ይሻላል። ታጥባ ከሆነም ትሂድ፤ መድኃኒቱ ማስረጃ አይጠይቅም፣ የፖሊስ ደብዳቤ እስኪመጣም መቆየት የለበትም።

ብዙ ጊዜ ነገሩ የሚበላሸው ከዚያ በኋላ ነው። የኤችአይቪ መከላከያው 28 ቀን ይወሰዳል፤ ሲያቅለሸልሻት ወይም እቤት ሰው እንዳያይባት ስትሰጋ ልታቋርጠው ትችላለች። ክኒኑን የት እንደምታስቀምጠውና በስንት ሰዓት እንደምትውጠው በመጀመሪያው ቀን ተነጋገሩ፤ ካቅለሸለሻት ከምግብ ጋር ትውሰደው፤ ካልተሻላት ሳታቋርጥ ለሐኪሟ ትንገር።