የረሳነው ድምፅ፦ የመረጥናቸውን አረጋጋጮች መጠየቅ እንዴት ጀመርን

በብሎክቼይን (በብዙ ኮምፒውተሮች ላይ በጋራ በሚያዝ መዝገብ) ላይ አረጋጋጭ፣ ማለትም መዝገቡን የሚያስቀጥል ሰው፣ መምረጥ ጊዜ አይወስድም። ስሙን ታያለህ፣ ቁልፉን ትጫናለህ፣ ወደ ሥራህ ትመለሳለህ። የተመረጠው ሰው ግን አንተ ስሙን ከዘነጋኸው በኋላም በሰጠኸው ድምፅ ምክንያት በየቀኑ ይከፈለዋል። እዚህ ድሬዳዋ ያለን ጥቂት ሰዎች ይህን የተዘነጋ ድምፅ እንደገና እጃችን ለማስገባት ስንሞክር የገጠመንን ነው የምጽፈው።

ሃይቭ በሚባለው ሰንሰለት፣ ማለትም ጽሑፍ በሚወጣበት ብሎክቼይን፣ ላይ በአማርኛ የምንጽፍ ሰዎች ነን። አንዷ የሳቢያን መምህርት ናት፤ ስለ ተማሪዎቿና ስለ ቀፊራ ገበያ ትጽፋለች። አንዱ የከዚራን ዛፎች ፎቶ ያነሣል። በዕድሜ ታላቃችን የምድር ባቡር ጡረተኛ መካኒክ ናቸው፤ የድሮውን የጅቡቲ መስመር ትዝታቸውን ይጽፋሉ፣ ከሁላችንም በላይ የሚነበቡትም እሳቸው ናቸው። እኔ የኮምፒውተር ጥገና ሱቅ አለኝ። ጽሑፍ ሲወደድ ቶከን (የሰንሰለቱን ዲጂታል ሳንቲም) ያስገኛል፤ ያን ቶከን ሳታወጣ ካስቀመጥከው ደግሞ በምርጫ ጊዜ የድምፅህ ክብደት ይሆናል። ስለ ገንዘቡ የሚጠይቀኝ ሰው ስለማይጠፋ አንድ ነገር ልበል፦ ብሔራዊ ባንክ በ2014 ዓ.ም. በአገሪቱ ውስጥ በክሪፕቶ መክፈል ሕገ ወጥ መሆኑን አስታውቋል። የእኛ ቶከን እዚያው ሰንሰለቱ ላይ ለድምፅ የሚያገለግል ነው። የዋጋ ትንበያ የሚፈልግ አንባቢ ሌላ ጸሐፊ ይፈልግ።

አሠራሩን ለማያውቅ ባጭሩ ላስረዳ። አረጋጋጮችን በድምፅ የመምረጥ ሐሳብ በዳንኤል ላሪመር አማካይነት እ.ኤ.አ. በ2014 ቢትሼርስ በተባለው ሰንሰለት ላይ ሥራ ላይ ዋለ፤ በ2016 ስቲም፣ ከስቲም ደግሞ ሃይቭ ተከተሉ። በሃይቭ በየሦስት ሰከንዱ አንድ ብሎክ፣ ማለትም አንድ የመዝገብ ገጽ፣ ይመረታል። በአንድ ዙር 21 አረጋጋጮች ተራ ይይዛሉ፦ ሃያው ከፍተኛ ድምፅ ያገኙት ናቸው፣ አንዱ ቦታ ከበታቾቹ ለተጠባባቂዎች በተራ ይሰጣል። የሰንሰለቱን ሕግ የሚለውጥ ሃርድ ፎርክ ለማጽደቅ ከእነዚህ መካከል የ17ቱ ስምምነት ያስፈልጋል። እነዚህ ሰዎች እንግዲህ ሰርቨር ጠባቂዎች ብቻ አይደሉም፤ ሕግ አውጪዎችም ናቸው።

ቅጣቱስ? እዚህ ላይ ነው ነገሩ የሚለየው። ኮስሞስ ሃብ በተባለው ሌላ ሰንሰለት ላይ አንድ አረጋጋጭ በአንድ ከፍታ (በአንድ የብሎክ ተራ ቁጥር) ላይ ሁለት ብሎክ ከፈረመ በእሱ ሥር ከተቀመጠው ድርሻ (ቶከን) 5 በመቶው ይቃጠላል፤ ለረጅም ጊዜ ከጠፋ ደግሞ 0.01 በመቶው። የመረጡትም አብረው ስለሚከስሩ ማንን እንደመረጡ ይከታተላሉ፣ ቢያንስ መከታተል ይገባቸዋል። ሃይቭ ላይ እንዲህ ያለ ቅጣት የለም። ብሎክ ያመለጠው አረጋጋጭ የዚያን ብሎክ ክፍያ ያጣል፣ በቃ። ከዚያ ያለፈው ቅጣት ሁሉ የመራጩ እጅ ነው፤ መራጩ ከተኛ ደግሞ ቅጣትም የለም።

የመራጭ ድምፅ ምን ያህል ኃይል እንዳለው ያየነው እ.ኤ.አ. በ2020 ነው። ትሮን የተባለው ሰንሰለት መሥራች ጀስቲን ሰን በየካቲት ወር ስቲምን የጀመረውን ስቲሚት የተባለ ኩባንያ ሲገዛ ኩባንያው ከጅምሩ ይዞት የነበረው ከፍተኛ መጠን ያለው ቶከን አብሮ ተላለፈ። የስቲም አረጋጋጮች ያ ቶከን ለምርጫ እንዳይውል አገዱት። ማርች 2 ቀን እነ ባይናንስ፣ ሁዎቢና ፖሎኒየክስ የተባሉ የክሪፕቶ መገበያያዎች ደንበኞቻቸው ያስቀመጡትን ቶከን ይዘው ድምፅ ሰጡና ሃያዎቹ በሰዓታት ውስጥ ተለወጡ። ባይናንስና ሁዎቢ በኋላ ድምፃቸውን አነሡ። ማኅበረሰቡ ግን ማርች 20 ቀን ሃይቭን መሥርቶ ወጣ። ይህ ሊሆን የቻለው አንድ አካውንት እስከ 30 አረጋጋጮችን መምረጥ ስለሚችልና ድምፁ ለ30ዎቹ ስለማይከፋፈል ነው፤ ለእያንዳንዳቸው ሙሉ ክብደቱን ይዞ ይቆጠራል። ብዙ ድርሻ ያለው አንድ ሰው ሃያውንም መቀመጫ መሙላት ይችላል ማለት ነው። ሃይቭ በኋላ አዲስ የተቀመጠ ድርሻ ለአረጋጋጭ ምርጫ የሚያገለግለው ከ30 ቀን በኋላ እንዲሆን አደረገ። 30 ድምፅ ሙሉ ክብደት መያዙ ግን አልተለወጠም፤ በእኔ ግምት የሥርዓቱ ትልቁ ጉድለት አሁንም ይኸው ነው።

ወደ ሥራችን ልመለስ። የመረጥናቸውን ስሞች ሁሉ ኤክሴል ላይ አሰፈርኩ። መጀመሪያ የያዝኩት ለማየት የሚቀለውን ነው፦ ያመለጡ ብሎኮች ቆጣሪ፣ የሚያስኬዱት የሶፍትዌር ስሪት፣ የቶከኑን የዋጋ መረጃ ለመጨረሻ ጊዜ ወደ ሰንሰለቱ ያስገቡበት ሰዓት። ሦስቱም ለማንም ክፍት ናቸው፣ ፈቃድ የሚጠየቅበት ነገር የለም። ቆጣሪውን ማንበብ ግን ብልሃት ይጠይቃል። ቁጥሩ አካውንቱ አረጋጋጭ ከሆነበት ቀን ጀምሮ የተጠራቀመ ስለሆነ ነባር አረጋጋጭ በብዙ ሺህ ሊይዝ ይችላል፤ ይህ ብቻውን ምንም አይናገርም። መታየት ያለበት በትናንትናና በዛሬ መካከል ያለው ልዩነት ነው። አንድ ማለዳ ከሃያዎቹ የአንዱ ቆጣሪ በ58 ጨምሮ አገኘሁት። አንድ ዙር 63 ሰከንድ ስለሚፈጅ በአንድ ሰዓት ውስጥ ለእያንዳንዳቸው 57 ያህል ተራ ይደርሳል፤ ሰውየው አንድ ሰዓት ገደማ ጠፍቶ ነበር ማለት ነው። በዚያው ቀን ምክንያቱንና ያደረገውን ማስተካከያ ጽፎ ስላየሁ ድምፃችን አልተነካም። ከዝርዝሩ ዝቅ ብሎ ያለ ሌላ ሰው ደግሞ በሳምንት ያመለጠው አራት ብቻ ነበር። አራት ትንሽ ይመስላል፤ ተራው በቀን ጥቂት ጊዜ ብቻ ለሚደርሰው ተጠባባቂ ግን ብዙ ነው። እሱ ስለ ጉዳዩ አንድ ቃል አልተነፈሰም።

ሰንጠረዡን ይዤ ከሰዓት በኋላ ሙቀቱ በረድ ሲል ከዚራ ሻይ ቤት ተሰበሰብን። አረንጓዴ ቀለም በቀባሁላቸው ረድፎች ብዛት ደስ ብሎኝ ነበር። መካኒኩ መነጽራቸውን ከፍ አድርገው አዩትና፣ «አንተ ልጅ፣ ባቡሩ በሰዓቱ ገባ ማለት ሐዲዱ ደህና ነው ማለት አይደለም» አሉኝ። «ሐዲዱን ማን ዞሮ አየው? ይህ ሰንጠረዥ እሱን ይነግረኛል?»

አይነግራቸውም። ብሎክ ማምረት ጥሩ ሰርቨር የተከራየ ሁሉ የሚያደርገው ነገር ነው። ስለዚህ ለእያንዳንዱ አረጋጋጭ ጥያቄ ጻፍን፦ ዋናው ሰርቨር ቢወድቅ የሚተካው አለህ? የወለድ መጠኑን (ስለ ወለዱ በኋላ እመለስበታለሁ) ይህን ቁጥር ያደረግኸው በምን ምክንያት ነው? ከብሎክ ውጪ ባለፉት ወራት የሠራኸው ምንድን ነው፤ ለዚያስ ከማኅበረሰቡ ፈንድ (ክፍያው በድምፅ ከሚጸድቅበት የጋራ ካዝና) ይከፈልሃል? መምህርቷ እንግሊዝኛውን አስተካከለችልን። ጥያቄውን በግል መልእክት ላለመላክ ተስማማን፤ በየራሳቸው የመጨረሻ ጽሑፍ ሥር በአደባባይ ጻፍነው። ይህ ጠቅሞናል። በግል የሚሰጥ መልስ በቃል ኪዳን የተሞላ ነው፤ ሰንሰለቱ ላይ የተጻፈ ግን የማይሰረዝ ስለሆነ መልስ ሰጪው ይጠነቀቃል። ትንሽ ድርሻ ያለንን ሰዎች ንቀው የሚያልፉን መስሎኝ ነበር፤ አብዛኞቹ መለሱ። አንዳንዶቹ እስካሁን እንዲህ ብሎ የጠየቃቸው እንደሌለ ጻፉልን።

ከመልሶቹ ሁሉ ሁለቱን ልንገራችሁ። አንዱ አረጋጋጭ በየሳምንቱ ሪፖርት ያወጣል። ባለ ሥዕል ነው፣ ያማረ ነው፣ ምስጋናው ብዙ ነው። መምህርቷ የተማሪ ፈተና እንደምታርም ሆና መስመር በመስመር አነበበችው። አብዛኛው የሶፍትዌሩ አዘጋጆች ከሚያወጡት የማሻሻያ ዝርዝር በሌላ አነጋገር የተገለበጠ ሆኖ ተገኘ፤ የራሱ ሥራ ተብሎ የሚጠቀስ አልነበረውም። ሌላኛው ከዓመት በላይ አንድም ጽሑፍ አላወጣም፤ ለጥያቄያችንም መልስ አልሰጠም። ልንሰርዘው ተስማምተን ሳለ የሃይቭ ኮድ የሚቀመጥበትን ጊትላብ ከፍቼ ስሙን ፈለግሁ። በየወሩ እዚያ ነበር፤ ስሕተት ያርማል፣ የሌሎችን ኮድ ይፈትሻል፣ ሰዎች የማያዩትን የመረጃ ቋት ያፋጥናል። ሪፖርት ጸሐፊውን አነሣነው፣ ዝምተኛውን አቆየነው። ከዚያ ወዲህ ሰንጠረዡ ውስጥ «ተናገረ» እና «ሠራ» ለየብቻ የተያዙ ዓምዶች ናቸው። እርግጥ ዝም ማለቱን አልወደድኩለትም። ለመረጠው ሰው ሁለት መስመር መጻፍ የማይችል ሕግ አውጪ አንድ ቀን ያስቸግራል።

ድምፅ ስናነሣ የምንከተለው ሥርዓትም አለ። መጀመሪያ በአደባባይ እንጠይቃለን፣ ለመልስ በቂ ጊዜ እንሰጣለን፣ ካነሣን ምክንያቱን ጽፈን እናወጣለን። የእኛ ድምፅ ቢነሣ የማንም ደረጃ አይወርድም፤ ድርሻችን ያን ያህል አይደለም። የተጻፈው ምክንያት ግን ይነበባል። ከላይ የጠቀስኩት፣ አራት ብሎክ ያመለጠው ተጠባባቂ ሰርቨሩን የቀየረው ድምፃችንን ካነሣን በኋላ ነው፤ መቀየሩንም ራሱ መጥቶ በጽሑፋችን ሥር ነገረን። ድምፃችንን መለስንለት።

ከሁሉም ያከራከረን የወለዱ ጉዳይ ነው። ሃይቭ ዶላር የሚባለውን ቶከን በቁጠባ ለሚያስቀምጥ ሰው የሚከፈለውን ወለድ የሚወስኑት አረጋጋጮች ናቸው፤ እያንዳንዱ አንድ ቁጥር ያስቀምጣል፣ መካከል ላይ የሚውለው ቁጥር ሥራ ላይ ይውላል። በአንድ ወቅት 20 በመቶ ደርሶ ነበር። ወለዱ ከማንም ኪስ አይወጣም፤ አዲስ ቶከን ታትሞ የሚከፈል ስለሆነ ቆጣቢው ሲጠቀም የሌላው ድርሻ ይሳሳል። ብዙ መራጭ ይህን ቁጥር ጨርሶ አያየውም፤ አንድ አረጋጋጭ ለማኅበረሰቡ የሚያበረክተው ወይም የሚያሳጣው ከሰርቨሩ ይልቅ በዚህ ቁጥር ሊሆን ይችላል። መምህርቷ ትቆጥባለች፣ ከፍ እንዲል ትፈልጋለች። መካኒኩ አይቆጥቡም። «ማሽኑ ወረቀት ሲያትም ደስ የሚለው የሚያትመው ነው» ይላሉ። እኔ ወደ እሳቸው አደላለሁ፤ ሆኖም ቁጥሩ ከፍ ወይም ዝቅ ማለቱ ሳይሆን ለምን እንዳስቀመጠው ማስረዳት መቻሉ ነው በሰንጠረዡ ላይ ነጥብ የሚያሰጠው።

ሥራው እየበዛ ሲሄድ አንዳንዶቹ ውክልናቸውን ለእኔ ሰጡ። ሃይቭ ይህን ይፈቅዳል፤ ድምፅህን ለወከልከው ሰው ስትሰጥ የእሱ ምርጫ የአንተም ምርጫ ሆኖ ይቆጠራል። ምቾት አለው። መካኒኩ ግን ውክልናቸውን ከመስጠታቸው በፊት፣ «አንተንስ ማን ይጠይቅሃል?» አሉ። ሁሉም ሳቀ፣ እሳቸው አልሳቁም። ትክክል ነበሩ፤ አረጋጋጮቹን የምጠይቀውን ለራሴ ትቼ ነበር። አሁን በየወሩ መጨረሻ ለማን ድምፅ እንደሰጠሁ፣ ከማን እንዳነሣሁና ለምን እንደሆነ በስሜ አወጣለሁ። ከፈንዱ የሚከፈለውን አረጋጋጭ የፈንድ ጥያቄ የምደግፍ ከሆነም ያንን ለብቻ እጽፋለሁ፤ ሁለት እጅ ሲቀባበሉ በሩቅ መታየት አለባቸውና። ሃይቭ እ.ኤ.አ. በ2021 ዓመት ሙሉ ያልተነካ የአስተዳደር ድምፅ እንዲሰረዝ ወስኗል፤ እኛም ውክልና የሰጠ ሁሉ በዓመቱ መጥቶ እንዲያድስ ተስማምተናል፤ ካላደሰ እንደ አነሣ ይቆጠራል።

መምህርቷ አላደሰችም። ዝምተኛው ኮድ ጸሐፊ የወለዱን ቁጥር ዝቅ ባደረገ ጊዜ ድምፃችን እንዲነሣበት ጠይቃ ነበር፤ እኔ ይቆይ አልኩ፣ በእሷ ውክልና ጭምር። ጽሑፉን አነበበችና፣ «ወንድሜ፣ በእኔ ድምፅ የእኔን ሰው ሳይሆን የአንተን ሰው ነው ያቆየኸው» ብላ ውክልናዋን አነሣች፤ በራሷ መምረጥ ጀመረች። ዝርዝሯ ውስጥ እኔ የማላውቃቸው ሁለት ስሞች አሉ። ሰንጠረዡ ላይ ጨምሬአቸዋለሁ፤ የአንደኛው የዋጋ መረጃ ዛሬ ጠዋት ሳየው ቀናት አልፈውት ነበር፣ ጥያቄውን እሷ ራሷ እየጻፈችው ነው።